ባሮክ ኦርጋን፦ አንድ ኪቦርድ ወይስ ሁለት? (የባኽ ቢ ማይነር ፕሪሉድና ፉግ)

የሰገነት_ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ጀርመን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ተተኪ ኦርጋኒስት ነኝ። ቋሚዋ እረፍት ስትወጣ እኔ እገባለሁ። በመጪው መጸው ኮንሰርት አለን። እኔ የምጫወተው የባኽን ቢ ማይነር ፕሪሉድና ፉግ (መግቢያና፣ አንድ ሐሳብ በየድምፁ እየተቀባበለ የሚሄድበት ክፍል) ነው፤ በስራዎቹ መዝገብ ቁጥር 544። ኖታው ገብቶልኛል፣ እጄም እግሬም ለምዷል። ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። ስንት ኪቦርድ ልጠቀም?

ኦርጋናችን በ1960ዎቹ የተሰራ ነው። ሁለት ማኑዋል (የእጅ ኪቦርድ) እና ፔዳል (የእግር ኪቦርድ) አለው። አንዱ ማኑዋል ዋናው ሃውፕትቨርክ ነው። ሁለተኛው ሩክፖዚቲፍ ነው፤ ከጀርባዬ፣ ሰገነቱ ጠርዝ ላይ የተቀመጠው ትንሹ ኦርጋን።

ፕሪሉዱ ውስጥ ዋናው ሐሳብ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። በመሃል ፔዳል የሌላቸው ቀጠን ያሉ ክፍሎች አሉ። ፉጉም መሃሉ ላይ ሲሶ ያህሉ ያለ ፔዳል ነው። እነዚህ ቦታዎች ላይ ወደ ሩክፖዚቲፉ ልሂድ ልሂድ ይለኛል። አንድ የማከብረው መምህር ግን "እጅሽን ከሃውፕትቨርክ እንዳታነሺ" አለኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው "አይደረግም" ብሎ ዘጋው። እናንተ ምን ትላላችሁ?

---

አረጋዊ_ቧንቧ

ልጄ፣ መምህርሽ ምክንያቱን ባይነግርሽም ልክ ነው። ምክንያቱን እኔ ልንገርሽ።

የዚህ ስራ የባኽ የእጅ ጽሑፍ ዛሬም አለ። ንጹህ አድርጎ የገለበጠው ነው። ኪቦርድ ቀይሩ የሚል አንድም ምልክት የለበትም። "ረስቶት ይሆናል" እንዳትይኝ። ይህ ሰው ሁለት ኪቦርድ ሲፈልግ ይጽፋል። ስድስቱን ትሪዮ ሶናታዎች እይ፣ ከ525 እስከ 530። "ለሁለት ኪቦርድና ለፔዳል" ይላል። ኦርገልቡኽላይን በተባለው ስብስቡ ውስጥም ዜማው በጌጥ በተሞላባቸው ኮራሎች (በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ የተሰሩ ስራዎች) ላይ፣ ለምሳሌ 622 ላይ፣ እንዲሁ ይላል። በ1739 ባሳተመው ስብስብ መክፈቻ፣ በኢ ፍላት ሜጀር ፕሪሉዱ ላይ፣ የገደል ማሚቶ የሚመስሉት ቦታዎች "ፎርቴ" እና "ፒያኖ" ተብለው ተለይተዋል።

ዶሪያን የሚባለውን ቶካታ (538) ደግሞ ታውቂዋለሽ። እዚያ የኦበርቨርክና የፖዚቲፍ (የሁለት ኪቦርዶች ስም ነው) ምልክት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነጥፏል። ልብ በይ፣ ይህ ከትልልቆቹ ነጻ ስራዎቹ መካከል ለብቻው ቆሞ የሚታይ ነው። ሁሉም እንደዚያ የሚጫወቱ ቢሆኑ ኖሮ ያን ሁሉ መጻፍ ለምን አስፈለገ?

---

ሙግት_አይጠላም

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወም።

ባኽ ለዚህ ፕሪሉድ የትኛው ስቶፕ (የቧንቧዎቹን ድምፅ የሚከፍተው መጎተቻ) ይሳብ እንደሆነም አልጻፈም። ታዲያ ስቶፕ ሳንስብ እንጫወተው? ኦርጋኑ ትንፍሽ አይልም እኮ። ያልተጻፈ ሁሉ የተከለከለ ከሆነ ኮንሰርቱ በዝምታ ያልቃል 😄

ሌላም አለ። ባኽ ብዙ ኪቦርድ የሚወድ ሰው ነበር። በ1708 በሙልሃውዘን፣ በዲቪ ብላዚ ቤተ ክርስቲያን፣ ኦርጋኑ ሲታደስ ሶስተኛ ማኑዋል እንዲጨመር ያቀደው እሱ ነው። ገና ወጣት ነበር። ሊጠቀምበት ካልፈለገ የከተማውን ገንዘብ ለምን ያስወጣል?

---

አረጋዊ_ቧንቧ

ጥሩ ተናገርክ፤ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ስቶፕ የሚመረጠው ፊትህ ባለው ኦርጋን ነው። አርንሽታት የነበረው ሌላ፣ ፍራይበርግ ያለው ሌላ። ስለዚህ አይጻፍም። ኪቦርድ መቀየር ግን ኖታው ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው። ወይ ኖታው እጅህን ይለቅሃል፣ ወይ አይለቅህም።

ሙልሃውዘን የተጨመረው ሶስተኛ ኪቦርድ ደግሞ ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነበር። ዘማሪዎችንና መሳሪያዎችን ለማጀብ ለስለስ ያለ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ሶስት ኪቦርድ አለ ማለት በአንድ ፉግ ሶስቱንም መዞር አለብህ ማለት አይደለም።

---

እርሳስና_ላጲስ

ሁለታችሁም ታሪክ ላይ ናችሁ። እኔ ከስዊድን ነኝ፣ በየሳምንቱ እሁድ አገልጋይ ነኝ፣ ስለዚህ ስራውን ልናገር።

የሰገነት ልጅ፣ ኖታሽን አውጪ። ያለ ኦርጋን፣ ጠረጴዛ ላይ። እርሳስ ያዢ።

መጀመሪያ መስመሮቹ የሚጋጩበትን ቦታ ፈልጊ። ሁለቱ እጆች አንድ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ከፈለጉ፣ ወይም ቀኝ እጅ ከግራ በታች ወርዶ ከቆየ፣ ያ ሙዚቃ የተጻፈው ለሁለት ኪቦርድ ነው። ትሪዮ ሶናታዎቹ እንዲህ ናቸው። ሁለቱ ድምፆች በአንድ አካባቢ ሲሽሎከሎኩ ይውላሉ። በአንድ ኪቦርድ ሞክሪው፣ ጣት በጣት ላይ ይወጣል። አንዱ ኖታ ይጠፋል፤ ያ ደግሞ ዜማው ነው። እዚያ ምርጫ የለሽም።

ቀጥሎ መውጫውን ፈልጊ። ከሃውፕትቨርክ ስትነሺ ሁሉም መስመሮች አብረው ያርፋሉ ወይ? ወይስ አንዱ ገና ኖታውን ይዞ ወደ ሚቀጥለው ሜዠር እየተሻገረ ነው? እየተሻገረ ከሆነ ቆርጠሽው ትሄጃለሽ፣ ወይም ያ መስመር እዚያው ቀርቶ ሌላው ብቻ ይሄዳል።

ከዚያ መመለሻውን። የብዙ ሰው ጣጣ እዚህ ነው። መውጣት ቀላል ነው። ዋናው ሐሳብ ሲመለስ ግን ባኽ አብዛኛውን ጊዜ በሩን ከፍቶ አይጠብቅም። አዲሱ ሐሳብ የሚገባው የቀድሞው ሳያልቅ ነው። ልክ በዚያች ቅጽበት እጅሽን ካነሳሽ ስፌቱ ይታያል።

ዶሪያኑ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ሁለቱ እጆች ሁልጊዜ አብረው አይዘሉም። አንዱ ሲሄድ ሌላው ሐረጉን ጨርሶ ይከተላል። ኖታው ለመቀየር ተመቻችቶ ነው የተጻፈው። ከዚያ ወደ 544 ተመለሺና ያ መመቻቸት አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ።

---

ጀማሪ_ከአዲስ_አበባ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እዚህ ከተማ የቧንቧ ኦርጋን አጠገብ የመድረስ እድል የለኝም። ቤት ያለኝ ባለ 61 ቁልፍ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ነው፤ ቸርች ውስጥም የምጫወተው እሱን ነው። ባሮክ በጣም ወድጄያለሁ። አንድ ኪቦርድ ብቻ ላለው ሰው የሚሆን ነገር አለ? ወይስ ዝም ብዬ ፒያኖ ልማር?

---

እርሳስና_ላጲስ

ወንድሜ፣ እንዲያውም ብዙው ባሮክ ያንተ ነው!

የጣሊያን ኦርጋን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኪቦርድ ነበረው። ፍሬስኮባልዲ በ1635 ያሳተመው ፊዮሪ ሙዚካሊ በአንድ ኪቦርድ ይጫወታል። ፓኼልቤል ማግኒፊካት ለተባለው የምስጋና ጸሎት የጻፋቸው አጫጭር ፉጎች አሉ፤ አብዛኞቹ ፔዳል አይፈልጉም። ባኽም ራሱ በ1739ኙ ስብስብ ውስጥ ለትልልቆቹ ኮራሎች ታናናሽ ወንድሞች ጽፎላቸዋል፤ ያለ ፔዳል። አራቱ ዱዌቶችም (ከ802 እስከ 805) እዚያው ናቸው። ሁለት መስመር ብቻ ስለሆኑ ቀላል እንዳይመስሉህ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ኪቦርድህ ላይ ስፕሊት የሚባለው አለ አይደል? ግራው ቤዝ፣ ቀኙ ሌላ ድምፅ የምታደርግበት? እስፓኞች ይህን ከ400 ዓመት በፊት በእንጨትና በቧንቧ ሰርተውታል። ኪቦርዱ አንድ ነው፤ ስቶፖቹ ግን መሃል ላይ፣ መካከለኛው ዶ እና ዶ ሻርፕ መካከል፣ ይከፈላሉ። ቀኝ እጅ በደማቅ ድምፅ ዜማውን ይወስዳል፣ ግራው በለስላሳው ያጅባል። ኮሬያ ደ አራውሆ በ1626 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ታስበው የተጻፉ ብዙ ቲየንቶዎች (የእስፓኞች የኦርጋን ስራዎች) አሉ። ስፕሊቱን እዚያ ቦታ ላይ አድርገውና ሞክር። ቧንቧ ባይኖርም አሰራሩ ያው ነው።

---

ጀማሪ_ከአዲስ_አበባ

ኧረ! ስፕሊት ስንት ዓመት ስጠቀም ለቤዝ ጊታር ማስመሰያ ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ዛሬውኑ እሞክራለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

---

ከሴን_ማዶ

ፈረንሳይን ማንም አላነሳትም፤ ቅር ብሎኛል 🙂

እኛ ጋ ይህ ክርክር የለም ማለት ይቻላል። ርዕሱ ራሱ ይነግርሃል። "ቲየርስ አን ታይ" ካለ ዜማው መሃል ድምፅ ላይ ነው፤ ግራ እጅ ፖዚቲፉ ላይ በቲየርሱ ድምፅ ይዘምራል፣ ቀኝ እጅ በለሆሳስ ስቶፖች ከላይ ያጅባል፣ ፔዳሉ ከታች። "ዲያሎግ" ካለ ኪቦርዶቹ ይነጋገራሉ። "ሬሲ" ካለ አንዱ ብቻውን ይዘምራል። ደ ግሪኚ በ1699 ባሳተመው መጽሐፍ ባለ አምስት ድምፅ ፉጎች አሉ። ሁለት ድምፅ በአንድ ኪቦርድ፣ ሁለት በሌላ፣ አምስተኛው በፔዳል። ያንን በአንድ ኪቦርድ ከተጫወትከው ሾርባ ይሆናል። ባኽ ይህን መጽሐፍ በእጁ ገልብጦታል፤ ስለዚህ ነገሩን ያውቅ ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ። "የፈረንሳይ ኦርጋን አራት ኪቦርድ አለው" ሲባል አትደንግጡ። ሬሲና ኤኮ የሚባሉት ብዙ ጊዜ አጫጭር ናቸው፤ የላይኛው ግማሽ ብቻ ነው ያላቸው። ኩፕረን በ1690 ካወጣቸው ሁለት ቅዳሴዎች አንዱ ለገዳማት የታሰበ ነው፤ ከደብሮቹ አነስ ላለ ኦርጋን። ያኔም ቢሆን ሰው የሚጽፈው ያለውን መሳሪያ እያየ ነው።

---

ሙግት_አይጠላም

ከሴን ማዶ፣ እንኳን መጣህ። ነጥቤን አጠናከርክልኝ። ባኽ ደ ግሪኚን ከገለበጠ የኪቦርድ ቀለም መለየት ያውቃል።

ወደ 544 ልመለስና ስለ አድማጩ ላንሳ። ፕሪሉዱና ፉጉ አንድ ላይ ከ10 ደቂቃ ያልፋሉ። ያንን ሁሉ በሙሉ ፕሌኑም (ደማቁ የኦርጋን ድምፅ)፣ ሚክስቸሩ (ቀጫጭን ድምፆች የሚጨምረው ስቶፕ) እየጮኸ፣ በ1960ዎቹ ኦርጋን? እኔ እንደዚያ ያለ ኮንሰርት ላይ ተቀምጬ ነበር። ስወጣ ጆሮዬ ውስጥ ጉንዳን ይራመድ ነበር። መሃል ላይ ወደ ሩክፖዚቲፍ መውረድ ለሰው ማዘን ነው።

---

አረጋዊ_ቧንቧ

አሁን ወደ እውነተኛው ችግር መጣህ። ግን መድኃኒቱን ሌላ ቦታ ፈለግከው።

ፕሌኑም ማለት ያለው ስቶፕ ሁሉ ይሳብ ማለት አይደለም። ፕሪንሲፓሎቹ፣ ማለትም ዋናዎቹ የኦርጋን ስቶፖች፣ በየደረጃቸው፣ ከዚያ በላያቸው ሚክስቸር። በቃ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሰሩ ብዙ ኦርጋኖች ሚክስቸራቸው ስል ነው። ያኔ ባሮክ እንዲህ ይጮህ ነበር ብለው ገምተው ነው የሰሩት። በ1714 ጎትፍሪድ ዚልበርማን ለፍራይበርግ ካቴድራል የሰራውን ስሙ። ሶስት ማኑዋል፣ 44 ስቶፕ፤ ዛሬም ይጫወታል። ፕሌኑሙ ሙሉ ነው፣ ብሩህ ነው፣ ግን ጆሮ አይበሳም። ብዙ ደቂቃ ትቀመጥበታለህ።

ስለዚህ የሰገነት ልጅ፣ ኦርጋንሽ የሚያደክም ከሆነ ስሉን ሚክስቸር ዝጊው። ሁለት ሚክስቸር ካለሽ ዝቅ ያለውን ተጠቀሚ። ወይም በ8፣ 4 እና 2 ጫማ (ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይቀጥናል) ፕሪንሲፓሎች ብቻ ተጫወቺ። ኪቦርድ ከመቀየርሽ በፊት ድምፁን አስተካክዪ።

ሌላው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ባኽ የምትፈልጉትን ለውጥ አስቀድሞ ጽፎታል። ፔዳሉ ሲያርፍ 16 ጫማው ቧንቧ ዝም ይላል። ወለሉ ከስር ይነሳል። የድምፆቹ ብዛት ወደ ሶስት፣ ወደ ሁለት ይቀንሳል። ሙዚቃው ራሱ ቀጠነ። በዚያ ላይ ኪቦርድ ከቀየራችሁ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ነው። ፔዳሉ ሐሳቡን ይዞ ሲመለስ ደግሞ ያ መመለስ ትልቅ የሚሆነው የላይኛው ድምፅ ስላልተነካ ነው።

---

እርሳስና_ላጲስ

ጋሼ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ አንድ ነገር ልቀንስ።

ልጨምር፦ በባኽ ዘመን ሜካኒክስም አለ። ስቶፖቹ በኦርጋኒስቱ ግራና ቀኝ የሚጎተቱ እንጨቶች ናቸው። እየተጫወትክ በአንድ ቁልፍ ሁሉን መቀየር የለም። በብዙ ኦርጋኖች ላይ ሁለት ማኑዋሎችን ለማገናኘት ኪቦርዱን ራሱን መግፋት ወይም መሳብ ነበረብህ። እጅህ ቁልፉ ላይ እያለ አይሆንም። ማኑዋል ተገናኝቶ ሲጀመር ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ይጨረሳል።

ልቀንስ፦ ይህ ክርክር ለተቃራኒውም ይሰራል። ስቶፕ መቀየር ከባድ ከሆነ፣ ድምፅ ለመለወጥ የቀረው ፈጣኑ መንገድ ኪቦርድ መቀየር ነው። በሰሜን ጀርመን፣ ኦርጋኒስቱ ቡክስተሁደ ሉቤክ ላይ፣ ኦርጋን ሰሪው ሽኒትገር በ1693 ለሃምቡርግ ቅዱስ ያዕቆብ በሰራው ባለ አራት ማኑዋል ኦርጋን ላይ፣ የየክፍሉ ድምፅ ለየብቻው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ፕሪሉዲየሞቻቸው በክፍል በክፍል ተቆራርጠው የተጻፉ ናቸው። ነጻው ይቆማል፣ ፉጉ ይጀምራል። እዚያ በሮቹ ክፍት ናቸው፤ ግቡ ውጡ። 544 ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ኮንቼርቶ (ብቸኞችና መላው ቡድን እንደሚቀባበሉበት ሙዚቃ) የተሸመነ ነው። አንዱን ዘዴ ለሁለቱም ማዋል አይሆንም።

---

ሙግት_አይጠላም

እሺ፣ ኮንቼርቶ ካላችሁ፦ ባኽ የቪቫልዲን ዲ ማይነር ኮንቼርቶ ለኦርጋን ሲያዘጋጅ (596) በእጅ ጽሑፉ ላይ ስቶፕም ማኑዋልም ጽፏል። ብቸኞቹ ተጫዋቾችና መላው ቡድን በኪቦርድ ይለያሉ። እንግዲህ 544ን "እንደ ኮንቼርቶ ነው" ካልክ ሀሳቡን እስከ መጨረሻ ተከተለው።

---

አረጋዊ_ቧንቧ

አየህ፣ ጽፏል። እኔስ ምን አልኩ?

ግን አንድ ነገር ልስጥህ፣ ደረቅ ነው እንዳትለኝ። በ1741 በታተሙት ጎልድበርግ ቫርዬሽኖች ላይ፣ ለሃርፕሲኮርድ ቢሆኑም፣ ባኽ አብዛኞቹን "በአንድ ኪቦርድ" ወይም "በሁለት ኪቦርድ" ብሎ ለይቷል። 5ኛው፣ 7ኛውና 29ኛው ላይ ግን "በአንድ ወይም በሁለት" ይላል። እሱም አንዳንዴ ለተጫዋቹ ይተው ነበር። ስለዚህ ኪቦርድ የቀየረን ሰው ከሰገነት አልወረውርም።

---

የሰገነት_ልጅ

ሃሃሃ ጋሼ፣ ሰገነታችን ከፍ ያለ ነው፤ አመሰግናለሁ።

የነገራችሁኝን ይዤ ሄጄ ነበር። አንድ የመዘምራን አባል ለምኜ ታች መሃል አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩት፣ በስልኩም ቀረጸልኝ። ያልጠበቅኩት ነገር ተገኘ። ሩክፖዚቲፉ እኔ ጋ ሲሰማ ለስላሳ ነው። ታች ግን ለአድማጭ የቀረበው እሱ ነው፤ ከሃውፕትቨርክ ይልቅ ፊት ለፊት ይመጣል። "አሁን ዝቅ አልኩ" ብዬ ስቀይር፣ ሰውየው "አሁን ቀረብሽ" ይለኛል። ቅጂውን ሰምቼ አመንኩት።

ፕሪሉዱን ሙሉ በሙሉ በሃውፕትቨርክ ልጫወት ወስኛለሁ። በእርሳስ ስሄድ ንጹህ መመለሻ አላገኘሁም። እያንዳንዱ ቦታ ላይ አንድ መስመር ይቆረጥብኛል። ስሉን ሚክስቸር ዘግቼዋለሁ፤ ወዲያው ኦርጋኑ ተንፈስ አለ።

ፉጉ ላይ ግን ጋሼን ልከዳቸው ነው። ፔዳል የሌለውን መሃሉን ሩክፖዚቲፍ ላይ አደርገዋለሁ፤ ለስላሳ እንዲሆን ሳይሆን፣ ታች እንደሚሰማው እንዲቀርብ። ፔዳሉ ሐሳቡን ይዞ ሲገባ እመለሳለሁ።

---

አረጋዊ_ቧንቧ

ይሁን። ከድተሽኛል፣ ግን ሰምተሽ ነው የከዳሽው። ከሰገነት ሆኖ ከሚወስን ታች የሚሰማውን ያስቀረጸ ይሻላል።

አንድ ነገር ብቻ። ስትመለሺ ሁለቱንም እጅ አንድ ላይ አታንሺ። ፔዳሉ ሲገባ የግራ እጅሽን ቀድመሽ አሻግሪ፤ የፔዳሉ ግርማ ይሸፍንልሻል። ቀኙ ሐረጉን ይጨርስና ይከተል። እና ፔዳሉ ከሩክፖዚቲፍ ጋር ለአንድ አፍታ ብቻውን ሲገናኝ እንዳይውጠው፣ ከ16 ጫማው ሸንበቆ (በሚርገበገብ ምላስ የሚጮህ) ስቶፕ ይልቅ በፕሪንሲፓሉ ጀምሪ።

---

እርሳስና_ላጲስ

ሩክፖዚቲፉ ከሁለቱ ዝቅ ያለው ኪቦርድ ስለሚሆን ቀኝ እጅሽ ወደ ላይ ነው የሚሻገረው። የመጨረሻውን ኖታ በአውራ ጣት ጨርሺው፤ ሌሎቹ ጣቶችሽ ወደ ላይኛው ማኑዋል ለመነሳት ነጻ ይሁኑ። በዝግታ ተለማመጂው፣ ያለ ፔዳል፣ ከዚያ ከነፔዳሉ።

---

ጀማሪ_ከአዲስ_አበባ

ስፕሊቱን መካከለኛው ዶ ላይ አድርጌ ሞከርኩት። ቀኙን በኦቦ፣ ግራውን በፍሉት። ይሰራል! አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ዜማው ከዶ በታች ሲወርድ በድንገት ፍሉት ይሆንብኛል። ምን ይደረጋል?

---

ከሴን_ማዶ

የእስፓኞቹን ኖታ ስትጫወት አያጋጥምህም፤ ለተከፈለ ኪቦርድ የጻፉት ሰዎች መስመሩን ያውቁ ነበር፣ ዜማው አይሻገርም። የሌላ አገር ኖታ ከሆነ ግን ስፕሊቱን አጥፋውና በአንድ ድምፅ ተጫወት፤ ወይም ስፕሊቱን ዝቅ አድርገው፣ ግራ እጅህ ከዚያ በላይ የማይወጣ ከሆነ።